አክስትሽ ናት በላት

ጅቡቲ፣ ካርቲየ 5
ነሐሴ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለፀዳል፣
ቱሎን፣ ፈረንሳይ

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ይድረስሽ። ጤናሽን በስልክ ሰምቼዋለሁና ደግሜ አልጠይቅም። በማህፀንሽ ያለውን ግን፣ ዓይኑን ባላየውም የልጅ ልጄ ነውና፣ እግዚአብሔር በሰላም ያውጣው እላለሁ። እኛ በሕይወት አለን። ካምሲን የሚሉት ነፋስ ከሰኔ ጀምሮ አልተኛልንም፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ቬንቲሌተሩ ይቆማል፤ ልጅሽን ኤፍራታን ሲሚንቶው ላይ ውሃ ረጭቼ አስተኛትና በካርቶን አራግብላታለሁ። እሷም የነቃች እንዳይመስለኝ ዓይኗን ትጨፍናለች።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ የአበቡ አሠሪ ናት። ማዳም ለዕረፍት ወደ አገሯ ስትሄድ በእጅሽ እንጂ ለሌላ ሰው እንዳትሰጠው አበቡ በዚያች በምታውቂያት ፈረንሳይኛዋ ለምናታለች። በፖስታ ያልላክሁት ባልሽ ቴዎ እንዳይከፍተው ብዬ ነው። እንግዲህ እዪ፣ እምቢ ልልሽ ብዕር ያነሣሁት ሰውዬ ገና ከመጀመሪያው ለምስጢርሽ ዘበኛ ሆኜልሻለሁ።

የደብረ ታቦር ዕለት ስትደውዪ ዝም ያልሁሽ መስመሩ ተበላሽቶ አይደለም። "ሃሎ፣ አባዬ፣ ትሰማኛለህ?" ስትዪ እሰማሽ ነበር። ቃልሽ እንዳለ በጆሮዬ ቀርቷል። "አባዬ፣ ቴዎን ያገባሁት ልጅ የለኝም ብዬ ነው። አሁን ደግሞ ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ብነግረው ቤቴ ይፈርሳል። ኤፍራታን አክስትሽ ናት በላት። እንደ አክስት እየደወልኩ አጫውታታለሁ፣ የሚያስፈልጋትንም አላጓድልም። ደግሞስ በአገራችን ስንቱ ልጅ አያቱን እማዬ እያለ፣ እናቱን በስሟ እየጠራ አድጎ የለም? ምን ጎደለበት?"

ልጄ ሆይ፣ ያን ልማድ ከአንቺ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ። እኔ ራሴ እናቴን "አስካለ" እያልሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። በዚያ ዘመን የበኵር ልጅ ለአያት ይሰጥ ነበር፤ ወጣት እናት በአማቷ ፊት ልጇን አቅፋ መሳም ነውር ነበረባት። ነገር ግን ማን እንደ ወለደኝ አገር ያውቀዋል። ኩፍኝ የያዘኝ ጊዜ ራስጌዬ ቁጭ ያለችው አስካለ ናት። በስሟ ጠራኋት እንጂ አልካድኋትም፤ እሷም አልካደችኝም። አንቺ ያልሽኝ ሌላ ነገር ነው። በሕይወት ያለች እናትን ለልጇ እንድቀብርባት ነው።

አገልጋይ ሆነሽ የገባሽበት የፈረንሳዊው መኮንን ቤተሰብ፣ ልጆቻችን ካንቺ ሌላ አልለመዱም ብሎ ወደ አገሩ ይዞሽ ሲሄድ፣ ኤፍራታ ገና አፏን በወጉ አልፈታችም ነበር። "በእግዚአብሔር ቃል አሳድግልኝ" ብለሽ ሰጠሽኝ። ጸሎት ለማስጠናት አልተቸገርሁም፤ ማስተማር ዕድሜዬን የጨረስሁበት ሥራ ነው። የተቸገርሁት የምታነበንበውን ቃል ወደ ኑሮዋ፣ ወደ ውሃ ሰልፉና ወደ ልጆች ጠብ ለማውረድ ነው። ብዙ ትእዛዝ ለሕፃን ይከብዳል ብዬ ሁለት ነገር ብቻ ያዢ አልኋት። እውነት ተናገሪ፤ ከተጣላሽ ደግሞ ፀሐይ ሳትጠልቅ በእግርሽ ሄደሽ ታረቂ። መጣላትም አያቅታት፣ መሄድም አያቅታት፤ በዚህ ደስ ይለኝ ነበር።

አንቺ ከመደወልሽ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ፣ በፍልሰታ ጾም መካከል፣ የሙንተሃን ክንድ ነከሰች። ሙንተሃ የጎረቤታችን የዘቢባ ልጅ ናት፤ ያቺ ሳምቡሳ የምትሸጠዋ የድሬዳዋ ሴት። "እናትሽ የፈረንጅ ልጅ ታጥባለች፣ አንቺን ረስታሻለች" ብላት ነው። እጇን ይዤ ወሰድኋት። ዘቢባ ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ ሊጥ ትዳምጣለች።

"ኧረ ጋሼ፣ ለዚህ ብለው ነው በዚህ ፀሐይ የወጡት? የልጅ ጥርስ አይደል እንዴ!"

"ይቅርታ ልትጠይቅ ነው የመጣነው፣ ዘቢባ።"

"አንቺ ጾመኛ!" አለቻት በሊጥ ጣቷ እያመለከተች። "በፍልሰታ ሥጋ ይበላል? ለቄሱ ነው የምነግርብሽ!"

ኤፍራታ አልሳቀችም። "ሙንተሃ፣ ስለነከስኩሽ ይቅርታ። እናቴ ግን አልረሳችኝም። ለፍልሰታ ትመጣለች፣ ለእመቤቴ ተስያለሁ።"

"ወላሂ በይ?" አለች ሙንተሃ ክንዷን እያሻሸች።

"ማርያምን!"

ስለቷን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። እኩዮቿ ቀትር ላይ ውሃ ሲጠጡ እሷ ቅዳሴ እስኪወጣ፣ በዚህ ምድጃ በሆነ ከተማ፣ ጠብታ በአፏ አላስገባ ያለችው ለዚህ ኖሯል። እኔ ሞኙ ጽናት መስሎኝ በካህኑ ፊት ስኮራባት ሰንብቻለሁ። አንቺን ልታስመጣ ነበር የምትጠማው። እንግዲህ ስልክሽ ሲመጣ ምላሴ ለምን እንደ ታሰረ አሁን ይገባሻል።

ዘንድሮ የፍልሰታ በዓል የዋለው ዓርብ ነው። ዓርብ የአበቡ የዕረፍት ቀን ነውና ከአሠሪዋ ቤት ከራስ ዲካ በማለዳ መጥታ ጸጉሯን ሠራቻት፣ ነጭ አለበሰቻት። የክርስትና እናቷ ናት፤ ያን ቀን ልታስቆርባት በሙሉ መብቷ መጣች። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ፣ ልጂቱ ራቅ ስትል፣ የጠየቅሽኝን በጆሮዋ ነገርኋት።

"ባገኛት በጥፊ ነበር!" አለችና ወዲያው አማተበች። "ኤዲያ፣ ላስቆርብ መጥቼ ምን ያናግረኛል። ጋሼ፣ እኔ ልሁናት እንዳልል ማዳም ከዓርብ በቀር አታስወጣኝም። በሳምንት አንድ ቀን እናት ይኮናል?"

ኤፍራታ ቆረበች። አፏን በነጠላዋ ሸፍና ከመቅደሱ ደጅ ስትወጣ ዓይኗ ወደ እኔ አልነበረም፣ ወደ ውጭው በር ነበር። ሕዝቡ ተበተነ። አበቡ "ነይ እንሂድ" ብትላት "ትንሽ" አለች። ዘበኛው በሩን ሊዘጋ መጥቶ ቆመን ሲያየን አፍሮ ተመለሰ።

ከሰዓት በኋላ አበቡን ከሸኘን ወዲያ አጠገቤ መጥታ ቁጭ አለች።

"አባባ፣ ስለቴን እኔ ነኝ ያበላሸሁት።"

"ምን አድርገሽ?"

"አንድ ቀን አፌን ስጉመጠመጥ ውሃ ዋጥኩ። ሳላውቅ ነው። ትንሽ ነው። እመቤቴ ግን አይታኛለች።"

ልጄ ፀዳል፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ቃልሽን እፈጽም ይሆናል ብዬ እያመነታሁ ነበር። እግዚአብሔር ይወቅልኝ፣ ቤትሽ እንዳይፈርስ ፈርቼ ነበር። ነገር ግን የአንቺን መቅረት በአንዲት ጉንጭ ውሃ አሳብባ ዕድሜዋን ሙሉ እንድትሸከመው መተው አልቻልሁም። ስለትሽ አልጎደለም አልኋት። እናትሽ ያልመጣችው ስለፈራች ነው አልኋት። ያገባሽው ሰው እሷ መኖሯን እንደማያውቅ፣ ሌላ ልጅ እንደምትወልጂ፣ ከእንግዲህ አክስት ነኝ ብለሽ ልትደውዪ እንዳሰብሽ፣ ሁሉንም ሕፃን በሚችለው ቃል ነገርኋት።

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ማባበሉን እችልበት ነበር።

"ሰውየው ክፉ ነው?" አለችኝ።

"አላውቅም።"

"ታዲያ ይቅር በያት በለኛ። ሁልጊዜ እንደምትለኝ።"

"ይቅር በያት" አልኋት። 

"የት ሄጄ?" አለች። "በስልክ እንዳልላት የምትደውለው አክስቴ ናት። አክስቴ ምን አደረገችኝ?"

ካህኑን ጠየቅሁ፤ "ጊዜ ይፍታው" ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። መጽሐፌን ገልጬ አነበብሁ፤ ያ የጠፋው ልጅ እንኳ ምሕረት ያገኘው አባቴ ሆይ በድያለሁ ብሎ ስለመጣ ነው። ጸጋ የማያልቅ ባሕር ነው ብዬ ስንቱን አስተምሬያለሁ። አሁን ግን ባሕሩ ዳር ቁሜ ለአንዲት ሕፃን የሚሆን ኩባያ አጣሁ። ልጂቱ ይቅር ልትልሽ ፈልጋ ይቅር የምትለው ሰው ነው ያጣችው።

ስለዚህ የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። አንድ ጊዜ፣ ባልሽ በሌለበት ሰዓት፣ እናትሽ ነኝ ብለሽ ደውዪላት። ከዚያ በኋላ እስከ ዘላለሙ ዝም ብትዪም ዝም በዪ፤ እኔ አልወቅስሽም። ቃሏን ታድርስና ትረፍ። እንደማትደውዪ ልቤ እየነገረኝ እንኳ ይህን እጽፋለሁ፤ አባት ሆኖ አለመጻፍ አይቻልምና። ለአንቺም ያስተማርሁሽ ይህንኑ ነበር። የቱ ቃሌ በየት በኩል እንደ ፈሰሰ አላውቅም።

በሠርክ ጸሎት ቀድሞ "እናቴን ጠብቅልኝ" ትል ነበር። ከዚያ ዓርብ ወዲህ ዝም ብላ ታልፈው ነበር። ትናንት ግን እንዲህ ስትል ሰማኋት፤ "ያቺን ሴትዮ ጠብቅልኝ። ሕፃኑንም ጠብቅላት።" ላርማት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። አክስት በላት አልሽኝ፤ እኔ እናትሽ ናት አልኋት፤ እሷ ሁለታችንንም አልፋ ሄደች።

እኔ ራሴ መጸለይ አቅቶኛል። የእሷን ሰምቼ ከኋላዋ አሜን እላለሁ።

የምጥሽ ሰዓት ሲደርስ ወላዲተ አምላክ ከራስጌሽ አትለይ። የአብራክሽ ክፋይ ጤነኛ ይሁን፤ አድጎም "እናቴ" ብሎ ሲጠራሽ አቤት ለማለት ያብቃሽ።

ዛሬም አባትሽ የሆንሁ፣
ደምመላሽ