የመልሱን ጨዋታ ሲጠብቁ የኖሩት ግብ ጠባቂ፣ ዶን ክሪሳንቶ ኢንስፍራን

ዶን ክሪሳንቶ ኢንስፍራን ከጀልባ ቀዛፊው ከዶን ኤሚግዲዮ ኢንስፍራንና ከእናታቸው ከዶና ፔትሮና ሪቬሮስ፣ በፓራጓይ ወንዝ ዳር ባለችው በዚህችው በኮንሴፕሲዮን ከተማ ኦክቶበር 25 ቀን 1944 ተወለዱ። በቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት ቤት እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ፤ ከዚያ ወዲያ ያስተማራቸው ኳስ ነው።

በወደቡ በሸክም ሥራ እየተዳደሩ የከተማችን ክለብ ግብ ጠባቂ ሆኑ። ክለባችን በ1970 የአገሪቱ ሻምፒዮን በመሆኑ፣ ሁለት ዓመት ብቻ በኖረው የደቡብ አሜሪካ ሻምፒዮኖች ዋንጫ ተካፍሎ ለፍጻሜ ደረሰ። የመጀመሪያው ጨዋታ በቦሊቪያ ተራሮች አናት ባለችው በላ ፓዝ ነበር። በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ የተመታች ኳስ ቶሎ አትወርድም። የወንዝ ዳር ሰው ይህን ከየት ያውቃል? በሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ የላ ፓዙ አጥቂ ሴቬሪኖ ኮንዶሪ ከሩቅ የመቷትን ኳስ፣ ዶን ክሪሳንቶ እንደ አገራቸው ትወርዳለች ብለው ወጥተው ጠበቋት፤ በአናታቸው አልፋ መረብ ውስጥ ገባች። አንድ ለዜሮ ተሸነፍን። «ግድ የለም፣ በመልሱ እኛ ሜዳ ያገኙኛል» ብለው ተመለሱ። መልሱ ሳይደርስ ግን አዘጋጆቹ ውድድሩን ጨርሶ አስቀሩት።

በ1974 ከዶና ኤውላሊያ ጋር ጋብቻ ፈጽመው ሦስት ልጆች አፈሩ። ትዳራቸው የሰመረ ነበር፤ ጣውንት ግን አላጣውም፤ እሷም ያቺ ዋንጫ ነበረች። ዶን ክሪሳንቶ በየዓመቱ «መልሱን እንጫወት» ብለው ወደ ላ ፓዝ ይጽፋሉ፤ ረፋድ ላይም ቴሬሬ የሚባለውን ቀዝቃዛ የቅጠል ሻይ ጠጥተው ልምምድ ይወርዳሉ። እናታችን ዶና ኤውላሊያ «አንተ ሰውዬ፣ ዋንጫው ሞቷል፤ እርምህን አውጣ!» ሲሏቸው፣ «ሬሳውን ሳላይ?» ይሉ ነበር።

እዚህ ላይ፣ ይህን ታሪክ የጻፍሁት ልጃቸው ኒልዳ፣ ለማንም ያልነገርሁትን እናገራለሁ። በ1996 አባቴ በልብ ሕመም በተኙበት ሰሞን ከላ ፓዝ ደብዳቤ መጣ። የጻፉት ራሳቸው ኮንዶሪ ናቸው። «ወንድሜ ክሪሳንቶ፣ እኛም አርጅተናል፤ ግን በኦገስት እንመጣለን። ጓንትህን አዘጋጅ» ይላል። ሐኪሙ ደረጃ እንኳ እንዳይወጡ ከልክሏቸው ስለነበር ደበቅሁት። ሲሻላቸው እሰጣቸዋለሁ ስል ዓመት አለፈ፤ ኮንዶሪም ሞቱ። ከዚያ በኋላ በምን አፌ ልንገራቸው? አባቴ ግን የፖስተኛው ሞተር በተሰማ ቁጥር እስከ መጨረሻው ወደ በር ይወጡ ነበር።

ዶን ክሪሳንቶ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ሜይ 9 ቀን 2019 በሰባ አራት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና ሰባት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። እናንተም የአባቴ ወዳጆች፣ እዚያ ከኮንዶሪ ጋር ሲገናኙ እውነቱን መስማታቸው አይቀርምና፣ ይቅር እንዲሉኝ ለምኑልኝ።