እርጥብ አቡጀዲ

አዲሲቱ ሐልፋ፣ ስምንተኛ መንደር
በሰፈርን በሦስተኛው ዓመት

ለወንድም ጋሼ፣

ሰላምታዬ ከባቡሩ ቀድሞ ካይሮ ይድረስልህ። ጤናህ እንዴት ነው? ያ ሳል ተወህ ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አባባን ጉልበቱን ያመዋል፤ ጥጡን ግን ማንንም አስጠግቶ አያስለቅምም። እማም ደህና ናት። ስለ እሷ ወደ በኋላ እጽፍልሃለሁ።

በመጨረሻው ደብዳቤህ፣ ሲኒማ ቤት ብትሠራም ባትሪ ይዘህ ሰው ስታስቀምጥ ፊልሙን ግማሹን እንደማታየው ነግረኸኝ፣ «አንቺ ያየሻቸውን ጻፊልኝ፤ የትኛው አማረሽ? ምኑ አማረሽ?» ብለኸኝ ነበር። ፊት ለፊት ብትጠይቀኝ አፌ ይተሳሰር ነበር። በወረቀት ይሻለኛል።

የመንግሥት ሲኒማ መኪና በየሁለት ወሩ ይመጣል። ሾፌሩ ሲድ አሕመድ በሁለት ግንዶች መሐል ነጭ አቡጀዲ ይወጥራል። ወንዶቹ በመኪናው በኩል ይቀመጣሉ፤ ሴቶቹ ከአቡጀዲው ጀርባ ነን። ምስሉ ወደ እኛ የሚያልፈው ጨርቁ እርጥብ ሲሆን ብቻ ነው። ሲደርቅ ይደበዝዝብናል። በጣሳ ውሃ የማፈስስበት እኔ ነኝ። ጎረቤታችን ነብራ «ይቺ ነገር አታበዛም፣ እሷ ትሥራው» ብላ በርሜል ላይ አወጣችኝ። ስለዚህ ፊልም የማየው አፍንጫዬን ጨርቁ ላይ አስደግፌ ነው። በእኛ በኩል ሰው ሁሉ ግራኝ ነው። በግራ ይበላል፣ በግራ ይጨባበጣል። ነብራ ሁልጊዜ «አሳዳጊ የበደላቸው» ትላቸዋለች።

አንደኛው የወደድኩት የሕንድ ፊልም ነው። ቢጫ የለበሰች ሴት ቢጫ አበባ በሞላው እርሻ ውስጥ ትሄዳለች። ልብሷ የት አልቆ አበባው የት እንደሚጀምር አይለይም። ፊቷና እጆቿ ብቻ ለብቻቸው የሚንሳፈፉ ይመስላሉ። ነፋስ ሲመጣ እሷም እርሻውም ወደ አንድ ጎን ያዘነብላሉ። ታሪኩ አልገባኝም፤ እንዲገባኝም አልፈለግሁም።

ሁለተኛው የእናንተው የካይሮ ነው፣ ቀለም የሌለው። አንድ ሰው ደረጃ ይወጣል፤ እሱን ግን አናየውም፣ ግድግዳው ላይ ጥላውን ብቻ ነው። ጥላው ከሰውዬው ቀድሞ በሩ ጋ ይደርስና ይቆማል። ብዙ ይቆማል። ያማረኝ አለመቸኮሉ ነው። ከዚያ ወዲህ ፋኖስ ይዤ ወደ ጓዳ ስገባ ጥላዬን አላስቀድምም።

ሦስተኛውን ስነግርህ አትሳቅ። ስለ ዓይን በሽታ የሚያስተምረው የዝንቡ ፊልም ነው። ዝንቡ አህያ አክሎ ይታያል። ሴቶቹ «ወግድ» እያሉ ፊታቸውን ሸፈኑ። እኔ ግን ክንፉን አየሁት። እንደ መስተዋት የተከፋፈለ ነው፣ በእያንዳንዱ ክፋይ ውስጥ ሌላ ሌላ ብርሃን አለ። ይህን የመሰለ ነገር ስንት ጊዜ እጄ ላይ አርፎ እሽ ብዬዋለሁ።

አራተኛው ባለፈው ወር የመጣው ነው።

ሲድ አሕመድ «የአገራችሁን አምጥቼላችኋለሁ» አለ። የግድቡ ውሃ አገራችንን ሲያሰጥም፣ የመጨረሻው ባቡር ከሄደ በኋላ ከጀልባ ላይ ያነሱት ነው። ሰው የለም፣ ታሪክም የለውም። አንድ ሰውዬ ትንሽ ይናገርና ዝም ይላል፤ ከዚያ ትተናቸው የመጣናቸው ውሾች ድምፅ ብቻ ነው። ውሃው እንደ ዘይት ረግቷል። የተምሮቹ አናት ከውሃው በላይ አለ፣ ምስሉ ደግሞ ከታች አለ፤ እያንዳንዱ ዛፍ ሁለት ራስ ያለው፣ ግንድ የሌለው ሆኗል። ግድግዳ ሲወድቅ ድምፅ የለውም። መጀመሪያ ይጠቁራል፣ ከዚያ እንደ ደከመው ሰው ቁጭ ይላል። ወንድም ጋሼ፣ እንደዚያ ያማረ ነገር አይቼ አላውቅም፤ በማማሩም አፍራለሁ።

ሴቶቹ መጀመሪያ ይጫወቱ ነበር። አንዷ «ያ የኔ ቤት ነው» ስትል ነብራ «ያንቺማ ውሃ ሳይመጣም ዘመም ያለ ነበር» አለቻት። ከዚያ የእኛ ቤት መጣ። ከበሩ በላይ፣ ግድግዳው ላይ ለጌጥ የተለሰኑት ሦስቱ ሳህኖቻችን አሉ። ከበሩ አጠገብ፣ የጭቃው መደብ ላይ፣ አያታችን ተቀምጣለች። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋለች። ውሃው ከእግሯ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሏል።

ሳቁ ቀጥ አለ። ነብራ ቢስሚላህ አለች።

እኛ ቀድመን ወደዚህ ስንመጣ አያታችንን ለአንተ ነበር የተውናት። ብቻህን ስትመጣ፣ የመጨረሻው ባቡር ሊነሣ ሦስት ቀን ሲቀረው አልጋዋ ላይ አርፋ ከወንድ አያታችን ጎን እንደቀበርካት ነገርከን። ማንም ሌላ አልጠየቀህም።

ጀልባው ተጠጋ። ቀና ብላ ወደ እኛ አየች፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ድምፅ የለም፣ ውሾቹ ብቻ። ያኔ ጨርቁ መድረቅ ጀመረና አያታችን ከእግሯ ጀምራ ትጠፋ ጀመር። ሴቶቹ «ውሃ፣ አንቺ ልጅ፣ ውሃ አፍስሺ» ብለው ጮኹብኝ። ጣሳውን አነሣሁ። እማ ሴቶቹን አልፋ መጥታ ክንዴን ያዘች። ዝግ ብላ «ተይ፣ አትጨምሪባት» አለችኝ። እጄን እንደሰቀልኩ ቆምኩ። ጨርቁ ደረቀ፣ እሷም ሄደች። ከአቡጀዲው ጫፍ የቀረው ውሃ እግሬ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ከቧንቧ የቀዳሁት ውሃ ነው። ሽታው ግን የወንዛችን ደለል ሽታ ነበር።

ቤት ስንገባ አባባ «ያያችሁት የተረሳ እንስራ ነው። ከኋላ ሆናችሁ ደግሞ ምን ይታያችኋል?» አለ። እማ «እንስራዋን እኔ ነኝ ተሸክሜ ያመጣኋት፤ ያቻትልህ ማድ ቤት» አለችው። አባባ ጫማውን አድርጎ ወጣ። እስኪነጋ አልተመለሰም።

እማ በየዓርቡ፣ ለሙት እንደሚደረገው፣ በአያታችን ስም ባቆምነው ድንጋይ ላይ ላለው ጣባ ውሃ ትወስድ ነበር። አሁን አትሄድም፤ ጣባውንም ደፍታዋለች። ለቅሶ የለም። ሰው ግን ሲያልፈን ድምፁን ይቀንሳል። አንዳንድ ቀን ልብስ ሳሰጣ፣ እርጥቡ አንሶላ ላይ ከጀርባው ሰው የተቀመጠ ይመስለኛል። እስኪደርቅ ድረስ ቆሜ እጠብቃለሁ።

እማን በዚያ ፊልም ላይ አያታችን ምን እንዳለች ጠየቅኋት። «'ሂድ' ነው የምትለው። ዕድሜዋን ሙሉ ሌላ ምን ስትል ሰምተሻል?» አለችኝ።

ሲድ አሕመድ ፊልሙ ከዚህ ወደ ካይሮ እንደሚሄድ ነግሮናል። አንተ ያለህበት ሲኒማ ቤት ቢመጣ፣ ያን ቀን ባትሪውን ለሌላ ሰው ስጠውና ውጣ። ብቻህን አትየው። ካይሮ ከሄድክ ወዲህ አንድም ቀን አልመጣህም፤ እኔ ሥራ ይዞህ ይመስለኝ ነበር።

ይህን ስጽፍ እማ ከበላዬ ቆማለች። ማንበብ አትችልም፤ የት ጋ እንደደረስኩ ግን ታውቃለች። እንዲህ ብለሽ ጻፊለት ብላኛለች፦ «ስለ እሷ አልጠይቀውም። እኔም እናቴን አንድ ቀን እሺ አሰኝቼያት አላውቅም፤ እሱ ደግሞ ልጅ ነበር። ክፍሉን ኖራ ቀብቼለታለሁ፤ ይምጣ።»

አላህ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ፤ መንገድህን ደረቅ ያድርግልህ።

ታናሽ እህትህ