ቁም ሳጥኑ ፊት ያለው ወንበር

ጥቅምት 5

ጠዋት ጢም፣ ከሰዓት ጢም። አንድ መላጣ መጥቶ «ላዩን ብዙ አታሳጥረው» አለኝ። እሺ ጌታዬ አልኩት። ምን ይባላል?

ማታ ስገባ ባለቤቴ እንደ ሁልጊዜው ተቀምጣለች፣ እግሯን ትራስ ላይ አድርጋ። «ሥራ እንዴት ዋለ?» አለችኝ። የመላጣውን ነገርኳት፣ ሳቀች። ወሬያችን በዚያው አለቀ። አውቶቡስ ላይ ትኬት ትቆርጥ በነበረ ጊዜ ማታ ማታ ማን ቀድሞ እንደሚያወራ እንሻማ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ እሷ ነበረች የምታሸንፈው። ከአውቶቡሱ በር ላይ ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ግን ጠያቂዋ እሷ ብቻ ሆነች። እኔ መልሼ ምን ልበላት? «ትራሱ እንዴት ዋለ?» ይባላል?

ጥቅምት 8

«ሥራ ላመለክት ነው» አለችኝ።

«የት?»

«እዚሁ።»

«እዚሁ የት?»

«እዚሁ ቤት፣ ተቀምጬ።»

ባለሱቆች ሽያጫቸውን በስልክ የሚመዘግቡበት መተግበሪያ የሚሠራ ድርጅት ነው አሉ። ባለሱቁ ነገሩ ሲምታታበት ወይ ይጽፋል ወይ ይደውላል። ከቤቱ ሆኖ የሚመልስለት ሰው ይፈልጋሉ። «ፊትሽን ሳያይ የሚቀጥር ሰው ሌባ ነው» አልኳት። «አንተ ፊቴን አይተህ አግብተህ ምን አተረፍክ?» አለችኝ።

ግን... ከዚያ ወንበር ተነስታ የትም ልትሠራ አትችልም። ቆማ መዋል አትችልም፣ አውቶቡስ መሳፈር አትችልም። ይሄ ካልሆነ ሌላ ምን አለ? ይህን ለራሴ ብቻ ነው የምለው።

ጥቅምት 9

ማመልከቻውን ኮምፒውተር ላይ ሞላች። በሁለት ጣቷ፣ ፊደል በፊደል እየለቀመች። ልርዳሽ ብላት «እጅህን ሰብስብ» አለች።

«የተቆጣ ደንበኛ ገጥሞዎት ያውቃል? እንዴት አረጋጉት?» የሚለው ጥያቄ ላይ ስትደርስ ሳቅ አፈናት። «የቱን ልጻፍላቸው?» አለች። እኔም አንዱን አስታወስኩ። ዝናብ ነው፣ የሥራ መውጫ ሰዓት ነው፣ ሰው በሰው ላይ ተነባብሯል። አንድ ጎረምሳ ሊማታ እጁን አነሳ። እሷ ከኋላ ሆና «አንተ ቁመት አለህ፣ እጅህ ከተነሳ አይቀር ያንን መስኮት ክፈትልን» አለችው። ከፈተ። ጠቡንም ረሳው። ያንኑ ጻፈችው።

እኔን ቢጠይቁኝስ? «ምላጭ ይዤ ስለነበር የተቆጣብኝ የለም» ነበር የምለው።

ጥቅምት 15

ጠሯት። ሐሙስ ጠዋት በቪዲዮ ያነጋግሯታል።

አሁን ችግሩ መጣ። አንደኛ፣ ትንሽ ስትቆይ ተራው ወንበር ዳሌዋን ይይዛታል። ሁለተኛ፣ ማስታወቂያው «ጸጥ ያለ ክፍል» ይላል። ግድግዳ የሚለየን ጎረቤታችን ደግሞ በያጅ ነው። እሱ ብረት ሲቆርጥ እኛ ጥርሳችንን እንነክሳለን።

ማታ ልምምድ አደረግን። እኔ የተቆጣ ባለሱቅ ሆንኩ። «ሽያጬ ጠፋ» ብዬ ጀመርኩ፣ ከዚያ ምን እንደነካኝ እንጃ... ስለ ውኃው መጥፋት፣ ስለ አከራያችን፣ ስለዚያ መላጣ ሰውዬ ሳይቀር ሁሉንም ዘረገፍኩት። ጠበቀችኝ። ስጨርስ «ሰምቻለሁ ጌታዬ። ከየትኛው እንጀምር?» አለች። ቀለል አለኝ። እውነት ቀለል አለኝ። ይሄ ተሰጥኦ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል?

ጥቅምት 16

ወንበር ከፀጉር ማስተካከያ ሱቄ አመጣሁላት። ከሁለቱ አንዱን፣ ያንን ከፍ ዝቅ የሚለውን፣ ወደ ኋላ የሚጋደመውን። ስንት ሰው ሲደገፍበት እያየሁ እንዴት እስከዛሬ አልታየኝም?

ሲበዛ ከባድ ነው። በያጁን አግዘኝ አልኩት። መንገድ ላይ ቀስ ብዬ ነገሩን አነሳሁ።

«ሐሙስ ጠዋት ትንሽ ብትታገሰን...»

«ወንድሜ፣ እኔ የምበላው ከጩኸት ነው» አለኝ።

ተሸክመን ቀጠልን። በሩ ላይ አስቀምጠነው ላቡን እየጠረገ «ለማን ነው ግን ይሄ?» አለ።

«ለባለቤቴ። ሥራ ልትፈተንበት።»

«እናቴን ይዤ አውቶቡስ ስሳፈር መቀመጫ ሳታስለቅቅልን ቀርታ አታውቅም» አለ። «ጠዋት ጠዋት ቀለም እቀባለሁ። ቀለም አይጮኽም።» ከዚያ ሜትሩን አውጥቶ እግሯን ለካ፣ የእግር ማሳረፊያውን ቆርጦ በልኳ በየደው። እየጮኸ።

ክፍሉ ድምፅ ስለሚመልስ ቁም ሳጥኑን ወለል አድርጋ ከፍታ ወንበሩን ወደዚያ አዞረችው። ልብስ ድምፅ ይውጣል አሉ። «የሠርግ ሱፍህን እያየሁ ልፈተን ነው» አለች። «ያኔም እሱን አይቼ ነው የተሸወድኩት።»

ጥቅምት 18

ምላጩ እጄ ላይ፣ ሐሳቤ ቤት። ደንበኛዬ «ጆሮዬን አደራ» አለኝ።

አልፋለች። ሰኞ የሳምንት ሙከራ ትጀምራለች፣ ከእውነተኛ ደንበኞች ጋር። ተፈታኞቹ ብዙ ናቸው፣ የሚወስዱት ጥቂት ነው።

ጥቅምት 24

ጉድ ፈላ።

ለምሳ ስገባ ፊቷ አመድ መስሏል። አሠራራቸው እንዲህ ነው። ለደንበኛው መልስ የሚጻፍበት ሳጥን አለ። ሥሩ ደግሞ ሌላ ሳጥን አለ፣ ሠራተኞች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት፣ ደንበኛው የማያየው። አንድ ባለሱቅ ከጠዋት ጀምረው ስድብ ሲጽፉ ነበር። ባለቤቴ ሌላ ተፈታኝ ሰውየውን ሲያጣድፋቸው አይታ፣ ለሠራተኞቹ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «እኚህ ሰው ስልኩን አልለመዱትም። የሚሳደቡት አፍረው ነው። እባካችሁ አናጣድፋቸው።»

ሳጥኑን ተሳሳተች። ለራሳቸው ለሰውየው ላከችው።

«አይጠፋም?» አልኳት።

«አይጠፋም። አንብበውታል።»

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ይሄ ደግሞ አይለቀምም።

«አለቃሽ አይታዋለች?»

«ገና።»

«እንግዲያው መስመሩን ንቀይው፣ ኢንተርኔት ሄደብኝ በያቸው። ሌላው ተፈታኝ ነው የጻፈው ሊመስላቸው ይችላል» አልኩ። የኔ ምክር ይሄ ነበር። ቀና ብላ አየችኝ። ስልኳን አንስታ ተቆጣጣሪዋ ጋ ደወለች። የጻፈችውን ቃል በቃል አነበበችላት፣ አንዲት ፊደል ሳታስቀር። «እኔ ነኝ የላክሁት» አለች። የሴትየዋ ድምፅ እስከ እኔ ይሰማል። «መዝግቤዋለሁ» አለች። ዘጋች። በቃ፣ ይኸው ነው።

ከዚያ ለሰውየው ጻፈች። «ያነበቡት የእኔ ጽሑፍ ነው። ከጀርባዎ ስላወራሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እኔም በሁለት ጣቴ ነው የምጽፈው። ፈቃድዎ ከሆነ ከመጀመሪያው አብረን እናየዋለን።» መልስ የለም።

እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ የምኖረው በእጄ ነው፣ የሚንቀጠቀጥ እጅ ምን እንደሚያበላሽ አውቃለሁ። የእሷ ግን እየተንቀጠቀጠ ምንም አላበላሸም። ኮራሁባት። ፊት ለፊት ልነግራት ፈልጌ «ምሳሽን ብዪ» ብቻ አልኩ። ሰው ለምን እንዲህ ይሆናል?

ጥቅምት 25

ሰውየው ዝም። ተቆጣጣሪዋ ዝም። በያጁም ቀለም እየቀባ ነው። ይሄን ያህል ጸጥታ ይከብዳል።

«ቢቀርም ሞክሬዋለሁ» አለች። «ቢቀር» ስትል ወንበሩን እየዳሰሰች ነበር። ወደ ሱቅ የሚመለስ መስሏት ይሆን? አይመለስም። ቢቀጥሯትም ባይቀጥሯትም አይመለስም።

ጥቅምት 26

ውኃ ስለጠፋ ሱቁን ዘግቼ ገባሁ። ስገባ እያወራች ነበር። በእጇ ዝም በል አለችኝ። በራፉ ላይ ቀረሁ።

ሰውየው ናቸው። ራሳቸው ደውለው «ያቺ በሁለት ጣት የምትጽፈዋ አለች?» ብለው ጠይቀዋል። ድምፃቸው ከጆሮ ማዳመጫው አምልጦ ይሰማል።

«ልጆቼ እንዳይስቁብኝ ሱቁን ዘግቼ ነው የምደውለው፣ ልጄ።»

«ጥሩ አደረጉ። አሁን ስልክዎ ላይ ምን ይታይዎታል?»

«ምንም።»

«ምንሙ ምን ቀለም ነው?»

ሰውየው ሳቁ። «ነጭ» አሉ።

«ነጭ ከሆነ ደህና ነው። ታች ጥጉን አንዴ ይንኩት።»

እንደዚህ እያለች ሄደች። አትቸኩልም። ሲጠፋቸው «እዚያው ይቆዩ፣ እኔ እመጣለሁ» ትላለች፣ ትመጣለችም። መጨረሻ ላይ ለሙከራ አንድ ሳሙና ለራሳቸው ሸጡና ሽያጩ ተመዝግቦ ታያቸው። ከዚያማ ደስታቸው ልክ አጣ። «ሌላም ልሽጥ?» ይላሉ። «ቀስ ይበሉ፣ ሱቁን ራስዎ ገዝተው እንዳይጨርሱት» አለቻቸው። ድሮ በአውቶቡሱ በር ብቅ ብላ የምትጠራበት ድምፅ ተመልሷል። በራፉ ላይ ቆሜ ስንት ጊዜ ያልሰማሁትን ድምፅ ሰማሁ።

ኅዳር 2

መልሱ መጣ። ኮስተር ያለ ነው፣ እንደ ተቆጣጣሪዋ። አነበበችልኝ። «ስህተት፦ አንድ፣ ከባድ። ራሷ አሳውቃለች፣ ራሷ አስተካክላለች። ሰኞ ሥራ ትጀምራለች።»

ደግማ አነበበችው። ከዚያ አለቀሰች። እኔም ዓይኔ ውስጥ ፀጉር ገባብኝ። እንደዚያ ነው ያልኳት። «እኔም ፀጉር ነው የገባብኝ» አለች።

በዚያው ደፍሬ ነገርኳት። ያን ቀን ስልኩን ስታነሺ ኮርቼብሻለሁ አልኩ። «መስመሩን ንቀይ ያለኝ ማን ነበር ታዲያ?» አለች። ይሄ አይረሳልኝም።

ኅዳር 6

ጠዋት ስወጣ የድሮ የሥራ ጫማዋን እያሰረች ነበር። ከአልጋ እስከ ቁም ሳጥን ለመሄድ። አልሳቅኩም። በያጁ ቀለሙን ይዞ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። በአገጩ «ገባች?» አለኝ፣ «ገባች» አልኩት።

ሱቅ ያለኝ ወንበር አንድ ነው፣ ተራ የሚጠብቁት ቆመው አጉረመረሙ። መላጣውም መጥቶ ነበር። ዛሬ ደግሞ «ሞዴሉን ቀይርልኝ» አይለኝም? ይህችን ለባለቤቴ ብዬ ቀኑን ሙሉ ይዣት ዋልኩ።

ማታ ገባሁ። ወንበሩን አጋድማ ተዘርግታለች፣ ማዳመጫው አንገቷ ላይ ነው። አፏን ከመክፈቷ በፊት ቀደምኳት።

«ሥራ እንዴት ዋለ?»

አየችኝ። «ተወኝ እስቲ» አለችና ጀመረች። የይለፍ ቃሏን በድመቷ ስም አድርጋ የድመቷ ስም የጠፋባትን ሴትዮ፣ «ሰው ነሽ ማሽን?» ብሎ ያስማላትን ልጅ፣ ሳሙና የሸጡት ሰውዬ ሰላም ሊሏት መደወላቸውን... ራት አቀረብኩ፣ እያወራች በላች። ሳህን አነሳሁ፣ እያወራች ተከተለችኝ፣ በክራንቿ። አልጋ ላይ ሆና «ነገ ደግሞ...» አለችና ሳትጨርሰው እንቅልፍ ወሰዳት።

የመላጣው ወሬ እንደያዝኩት ቀረ። የኔን ሥራ ሳትጠይቀኝ ተኛች።