ሁለት ሰው የሚሸከመው ወንበር

ውድ አባባ፣

አንተ እያልኩ ነው የምጽፍልህ። «አንቱ ስትሉኝ በር ላይ የቆመ እንግዳ የሆንኩ ይመስለኛል» እያልክ እኛን የልጅ ልጆችህን ከልጅነታችን ጀምሮ ከልክለኸናል፤ አሁን ሞተ ብዬ ብቀይረው ደግሞ ትቆጣኛለህ። የተቀመጥኩት አናጺ ቤትህ ውስጥ ነው። ሰጋቱራው አልተጠረገም፣ መላጊያህም እንዳስቀመጥከው አለ፤ እማማ ማንም እንዲነካው አልፈቀደችም። ሳትሰማው የሄድክ አንድ ነገር አለ፤ እሱ ሲከነክነኝ ብዕር አነሳሁ።

ሰው ሁሉ የሚያውቅህ በሠራኸው በርና መስኮት ነው። እኔ የማውቅህ በተራራው ነው። በእረፍት ቀን ጎህ ሲቀድ ቤቱን ሁሉ ትቀሰቅስና፣ የሚያለቅሰውን አዝለህ፣ የሚለግመውን እየነዳህ፣ ከከተማው ጀርባ ወዳለው ተራራ ታወጣን ነበር። ዛፍ ስታገኝ በመዳፍህ መታ መታ አድርገህ «እንደምን አደርክ» ትለዋለህ። «አባባ፣ ዛፍ ይሰማል እንዴ?» ብልህ፣ «ከወንድሞቹ ጋር ስውል ስከርም ኖሬ፣ እሱን ሰላም ሳልለው ባልፍ ነውር አይሆንም?» አልከኝ። አናቱ ላይ ስንደርስ ባርኔጣህን ታወልቃለህ። ዓይንህን ሳትጨፍን ነው የምትጸልየው። «ይህን ሁሉ ዘርግቶልኝ እንዴት ዓይኔን ልጨፍንበት?» ትል ነበር። የሁላችንንም ስም አንድ በአንድ ጮክ ብለህ ትጠራለህ። ስሜ ከአንተ አፍ ወጥቶ ወደ ገደሉ ማዶ ሲሄድ፣ አባባ፣ ጸጉሬ ይቆም ነበር። ፈጣሪ አሁን ሰማኝ እል ነበር።

ከዚያ ልብህ ታመመ። ከአጎቴ ጋር ብቻችሁን ወጥታችሁ መንገድ ላይ ወደቅህ፤ እሱም በጀርባው አዝሎ አወረደህ። አባዬ ግን ሆስፒታሉ በር ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ «አባቴን ልትገድለው ነው የወሰድከው!» አለው። በቃ፣ ሁለቱ ልጆችህ ተኮራረፉ። አንድ ግቢ ይገባሉ፣ አንድ ገበታ ላይ ይቀመጣሉ፣ ቃል ግን አይለዋወጡም። አጎቴ ታናሽ ነውና አባዬን ነፍስ ካወቀ ጀምሮ «ጋሼ» ነበር የሚለው፤ ከዚያ ወዲህ ጋሼ ቀርቶ «እሱ» ሆነ። «እሱ በልቷል?» ይላል፣ እሱዬው ፊት ለፊቱ ተቀምጦ። አንተ ትሰማለህ፣ ተነስተህ ወደ አናጺ ቤትህ ትገባለህ። እማማ «ይህ ሰውዬ ይህን ሐዘን ይዞ እንዳይሄድብኝ» ትለኝ ነበር።

ሐኪሙ ደረጃ እንኳ እንዳትወጣ ከከለከለህ በኋላ አንድ ቀን ጠርተህ በሩን አስዘጋኸኝ። «ቅመሜ፣ ከመሞቴ በፊት ተራራው ላይ አንዴ መጸለይ አለብኝ። ከአንቺ በቀር የሚያደርግልኝ የለም። ነገ ጎህ ሲቀድ ነይ። ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ፣ በተለይ ለዳኛው!» ዳኛው የምትለው አባዬን ነው፤ በሁሉ ነገር ላይ ካልፈረደ አይሆንለትማ።

በማግስቱ ሻይ በፔርሙስ ይዤ፣ በእግሬ ጣት እየተራመድኩ ስመጣ፣ በሩ ላይ ማን ቆሞ ባገኝ ጥሩ ነው? ዳኛው! የእጅ ባትሪውን ከጀርባው ደብቆ።

«ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?» አለኝ።

«አንተስ?»

«እኔማ… እንዲሁ ነፋስ ልቀበል ብዬ።»

ነፋስ! ሳንጨርስ አጎቴ ገመድ ትከሻው ላይ ጠምጥሞ ብቅ አለ። ወንድሙን ሲያይ ሊመለስ ዞረ። ያኔ እማማ በሩን ከፈተችው። ጫማዋን አድርጋ፣ ሻርፗን ተከናንባ ተዘጋጅታለች። «ግቡ እንጂ፣ ሌቦቹ ሁሉ ተሟልታችኋል» አለች። ለካ ለእሷም «ከአንቺ በቀር ማን አለኝ» ብለሃታል! አንተ ከኋላዋ ወንበርህ ላይ ተቀምጠህ ጣራ ጣራ ታያለህ። አባባ፣ ትንሽ እንኳ አላፈርክም?

ወንበሩን ልብ ብዬ ያየሁት ያኔ ነው። በግራና በቀኝ ረጃጅም መሸከሚያ ገጥመህለታል፣ መያዣውንም እጅ እንዳይልጥ አለስልሰኸዋል። ሰሞኑን ስታንኳኳ የከረምከው ይህን ኖሯል። አባዬ «እኔና ልጄ እንይዘዋለን» አለ። ሞከርን። እሱ ረጅም፣ እኔ ድንክ፣ ወንበሩ ወደ እኔ ተዘቅዝቆ ልትደፋ ምንም አልቀረህም። «በቁመት እኩል የሆኑ ሁለት ሰዎች ናቸው የሚችሉት» አልክ፣ አሁንም ጣራውን እያየህ። እነማን እንደሆኑ የጠየቀህ ሰው አልነበረም።

አጎቴ ከፊት፣ አባዬ ከኋላ ሆነው አነሱህ። አይነጋገሩማ! «ቀስ ይበል በይው» ይላል አባዬ። «እሱ ነው የሚገፋኝ በይው» ይላል አጎቴ። እኔ ሁለቱም የሚሰሙትን ወሬ እየደጋገምኩ፣ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ወጣሁ። እማማ ከኋላ «የሸበቱ ሕፃናት!» እያለች ታጉረመርማለች። አንተ ደግሞ እዚያ ላይ ሆነህ ለየዛፉ እጅህን ትዘረጋለህ።

አናቱ ላይ ጉም ነበር። ባርኔጣህን አወለቅክና «አቁሙኝ» አልክ። አንዱን እጅህን አባዬ ትከሻ ላይ፣ ሌላውን አጎቴ ትከሻ ላይ አድርገህ ቆምክ። ጉሙ ቀስ እያለ ሲነሳ ሸለቆው ከነወንዙ፣ ከተማው ከነጣሪያው ወጣ። ዕድሜ ልክህን የሠራሃቸው በሮች ሁሉ እዚያ ታች ነበሩ። ስማችንን ጠራህ፤ የሁለቱን ልጆችህን ግን በአንድ ትንፋሽ፣ አንድ ሰው እንደሆኑ አድርገህ ጠራሃቸው። ከዚያ ልመናህን ስንጠብቅ «ጌታዬ፣ አየሁት። ተመስገን» ብለህ ጨረስክ። ፀሐይዋ ፊትህ ላይ ነበረች፣ እንባህም አይቋረጥም፣ ዓይንህን ግን አልከደንክም። ሰው እንዲህ ትልቅ መሆን ይችላል እንዴ፣ ያውም ከስቶ አጥንቱ የቀረ ሰው? እስከ ዛሬ ሳስበው ይደንቀኛል።

ስንወርድ ግን ተኛህ። ራስህ ወደ ደረትህ ዘንበል አለ፣ ዓይንህ ተከደነ። ልነግርህ የፈለግኩት ከዚህ በኋላ የሆነውን ነው። ቁልቁለቱ ላይ አባዬን የላላ ድንጋይ አንሸራተተውና ወንበሩ ዘመመ። አጎቴ ክብደትህን ሁሉ በጀርባው ደግፎ «ጋሼ! አይዞህ፣ ይዤዋለሁ፣ እግርህን አጽና!» ብሎ ጮኸ። ጋሼ አለው፣ አባባ! ወንበሩን ቀስ አድርገው አስቀመጡት። አባዬ መሬቱ ላይ ዘፍ ብሎ እንደ ልጅ አለቀሰ። «ይህን ቁልቁለት ነው ብቻህን አዝለኸው የወረድከው» አለ። «እኔ ደግሞ ምን ብዬ ተቀበልኩህ! ይቅር በለኝ ወንድሜ።» አጎቴ ጎትቶ አነሳውና አቀፈው። ቀሪውን መንገድ ያለ እኔ አስተርጓሚነት እያወሩ ወረዱ።

ልቀሰቅስህ ስል እማማ «ተዪው ይረፍ» አለችኝ። ቤት ደርሰህ ውኃ ጠጣህ፣ አልጋህ ውስጥ ገባህ፣ ሳይመሽም አረፍክ። ያን ሁሉ ደክመህ፣ ወንበር ሠርተህ፣ ሁላችንንም አታለህ፣ ፍሬውን ሳታይ መሄድህ አንጀቴን በላው።

እዚህ ላይ ስደርስ እማማ ገባች። ምን እንደምጽፍ ጠየቀችኝና ነገርኳት። «እንቅልፍ ወስዶት ሳይሰማ ቀረ» አልኳት። ትኩር ብላ አየችኝ። ከሞትክ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

«ያንኮራፋ ነበር?»

«አይ፣ ዝም ብሎ ነበር።»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ከዚህ ሰውዬ ጋር አርጅቻለሁ። ሳያንኮራፋ ተኝቶ አያውቅም!»

እንግዲያው የምነግርህ ነገር የለኝም፣ አባባ። ደህና ሁን።

ሥራህ ሁሉ እንደገረማት የምትኖረው፣
ቅመምህ