በአንድ ማቀዝቀዣ ምክንያት ጥናታቸው ስለተቋረጠባቸው ዶክተር ኢፍራህ ቡራሌ ዕረፍት

ከንጋት በር የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ቦርድ፣ ድሬ ዳዋ

የኮሌጃችን የፊዚዮሎጂ መምህርትና ተመራማሪ ዶክተር ኢፍራህ ቡራሌ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ቦርዱ ይህን ለሠራተኞች፣ ለተማሪዎችና ለከተማችን ሕዝብ የሚያስታውቀው በጥልቅ ኀዘንና በኀፍረት ነው።

ዶክተር ኢፍራህ ተወልደው ያደጉት በከተማችን በሳቢያን ሰፈር ነው። በ2006 ዓ.ም. ኮሌጁን ተቀላቅለው እስከ ሕመማቸው ድረስ ነርሶችንና ጤና መኮንኖችን አስተምረዋል።

በ2011 ዓ.ም. ከኩላሊት በላይ ስለምትገኘው አድሬናል ዕጢ ማጥናት ጀመሩ። በዚህች ዕጢ ሴሎች ሽፋን ላይ ፖታሲየም የሚያልፍባቸው ጥቃቅን ቦዮች አሉ። ከአንጎል ሥር የተላከ ሆርሞን ሴሏን ሲነካ መልእክቱ በውስጧ ባሉ ኢንዛይሞች ቅብብል ይደርሳል፤ ቦዮቹ ይዘጋሉ፤ ሴሏም ኮርቲሶል የተባለውን የጭንቀት ሆርሞን ታመነጫለች። የዶክተር ኢፍራህ ጥያቄ የተዘጋውን ቦይ መልሶ የሚከፍተው የትኛው ኢንዛይም ነው የሚል ነበር።

ለዚህም ከሙስሊሙም ከክርስቲያኑም ዕርድ ትኩስ የከብት ዕጢ በማለዳ እያመጡ በቤተ ሙከራው ብቸኛ ማቀዝቀዣ ያኖሩ ነበር። በጾም ወራት የክርስቲያኑ ሲቋረጥ ሥራው በሙስሊሙ ይቀጥል ነበር።

በኅዳር 2016 ዓ.ም. የሁለቱ ዕርድ በአንድ ማቀዝቀዣ አይደባለቅ የሚል ቅሬታ ለቦርዱ ቀረበ። ዶክተር ኢፍራህ በስብሰባው ላይ ወደ ሰብሳቢው ዞረው፣ «መሪጌታ፣ ይሄ እኮ ወጥ ውስጥ አይገባም፤ ሴሏም ቢላውን ማን እንደያዘ አታውቅም» ብለው አሳቁን። ስቀን ስናበቃ፣ ሁለተኛ ማቀዝቀዣ እስኪገዛ ሥራው ይቁም ብለን ወሰንን። ማቀዝቀዣው አልተገዛም። እሳቸውም ወደ ማስተማራቸው ተመለሱ፤ ጥያቄያቸው ያለ መልስ ቀረ። በጾምና በመብል ሥርዓት ያረጀን ሰዎች የሚበላውን ከማይበላው መለየት ተሳነን።

ቦርዱ ውሳኔውን ሽሯል። ከሰኞ መጋቢት 29 ጀምሮ የሁለቱም ዕርድ ዕጢ በአንድ ማቀዝቀዣ ይቀመጣል፤ ጥናቱንም የእሳቸው ተማሪ የነበሩት መምህርት ፋርሂያ አብሺር ይቀጥላሉ። ፈቃዱ ለዶክተር ኢፍራህ በሕይወት ሳሉ ሊሰጣቸው ይገባ ነበር።

ለባለቤታቸው ለአቶ ዐብዲገኒ፣ ለእናታቸው ለወይዘሮ ኪንሲና ለሥራ ባልደረቦቻቸው የልብ ብርታትን እንመኛለን፤ ነፍሳቸውንም የፈጠራት አምላክ በምሕረቱ እንዲቀበላት እንለምናለን። ለልቅሶ በሄድን ዕለት ወይዘሮ ኪንሲ ዐቢይ ጾም ላይ መሆናችንን አስበው፣ የጾም ምግብ በተለየ ዕቃ አሰናድተው ጠበቁን። ቀና ብለን መብላት አልቻልንም።

መሪጌታ ኒቆዲሞስ ወልደ ሰማዕት
የቦርዱ ሰብሳቢ
መጋቢት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.