ምጵስ የሚለው ድምፅ

ህዳር 30 ቀን 1995 ዓ.ም.፣ ጠዋት
ገብሱን አሰጣሁ። ወገቤ። ደብተሬ፣ ሁለት ቀን አልጻፍኩብሽም፤ ደክሞኝ ነው።
ቅዳሜ ዘመሮ ት/ቤት ሄጄ ነበር። ልጄ ዘነቡ ሳትታመም ለመጽሔታቸው የጻፈችውን ታሪክ መ/ር ጌታሁን አሳዩኝ። በታሪኩ ጓሳ ሜዳ ላይ ጉም መንገድ ያሳታት ልጅ በድምፅ እየተመራች ቤቷ ትገባለች። ሦስት ቃል በቀይ ተከቧል። መዝገበ ቃላት ውስጥ የሉም አሉ። እስከ መጪው ቅዳሜ ምንነታቸው ካልታወቀ በሌላ ይተካሉ። ደግ ሰው ናቸው፤ እናቴ እያሉ ነው የሚያወሩኝ። ታሪኩን ሰጡኝ።

ታኅሣሥ 1
ሁለቱን አገኘሁ። "ሽዋዋዊ" ነፋስ የጓሳን ሳር ሲያጋድም ነው። "ቅርጭጭ" ውርጭ ሲረገጥ። ማልጄ ወጥቼ ረገጥኩት፤ ልክ እንደጻፈችው።
"ምጵስ" ግን አልገባኝም። ልጅቷ ደጃፍ ስትደርስ ምጵስ ትሰማለች፤ ፍርሃቷ ይለቃታል። በሩን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። አይደለም። በጎቹን አዳመጥኩ። አይደሉም። መ/ር በእሱ ቦታ "ጸጥታ" ሊያስገቡ ነው። ዘነቡ እያለች ቤቴ ጸጥ ብሎ አያውቅም። አሁን ነው እንጂ።

ታኅሣሥ 3
በዓታ። ሥራ የለም። ጎረቤቴ ወርቄ መጣች። ቃሉን ባሰማት፣ "አንቺ፣ ድመት ልትጠሪ ነው?" አለችኝ። ሳቅሁ። ከዘነቡ ቀብር ወዲህ የመጀመሪያዬ። ወዲያው አፈርኩ።
ስትሄድ እንድፈትልላት የበግ ጸጉር ትታልኝ ሄደች። ለብርድ የምትለብሰውን ዝተት የሚሠራላት ሸማኔ ክር አልቆበታል። ሐዘን ላይ ነኝ፣ ሁለት ወር እንዝርት አልነካሁም፣ ውሰጂው አልኳት። አልሰማችኝም።

ታኅሣሥ 4፣ ዓርብ ከሰዓት
ጸጉሩ ማዕዘን ላይ ተቀምጦ አላስቀምጥ አለኝ። እንዝርቱን አነሳሁ። ጸጉሩ ደረቅ ነው፣ አልያዝ አለ። እንደ ልማዴ አውራ ጣቴን በከንፈሬ አረጠብኩ።
ምጵስ።
ደገምኩት። ምጵስ። እጄ ቆመ።
ሃያ ዓመት ስፈትል አንድ ቀን አልሰማሁትም። እሷ ከደጅ ትሰማው ኖሯል። እናቷ ቤት እንዳለች የምታውቀው በእሱ ነበር።
አለቀስኩ። ከዚያ ጸጉሩን እስኪያልቅ ፈተልኩ።
ነገ ዘመሮ እሄዳለሁ። ቃሉ እንዳለ ይጻፍ እላቸዋለሁ፤ እምቢ ካሉ ታሪኩን ይዤ እመለሳለሁ። ምን ማለት ነው ሲሉኝ በአፌ ማስረዳት አልችልም፣ እንባዬ ይቀድመኛል። እንዝርቱን እይዛለሁ። ፊታቸው ቁጭ ብዬ እፈትላለሁ።