ቀዩና ጥቁሩ ማዳመጫ

እህቴ ባይንዱ፣

ትናንት «ታዲያ ከሁለቱ ማዳመጫዎች የቱ ይሻላል?» ብለሽኝ ነበር። ዛሬ ልንገርሽ።

አንቺ የገዛሽልኝ ቀዩ ለዘፈን ነው። ሻጩም «እማማ፣ ከበሮው ደረትዎን ካልደለቀው ይመልሱልኝ!» ብሎን ስቀን ነበር። በሱ ስሰማት ልጄ ንያንዳዬ ከቤይሩት በላከችው የድምፅ መልእክት «እማ፣ ደህና ነኝ» ትላለች። ድምፅዋ የጠገበ ሰው ድምፅ ነው።

ጥቁሩ ርካሽ ነው፤ ከበሮው አይሰማም። ያንኑ መልእክት በሱ ደግሜ ሰማሁት። «ደህና ነኝ» ከማለትዋ በፊት ሳግዋን ስትውጥ ይሰማል። ከኋላዋ ሴት ትጮኻለች፤ ከዚያ በሩ ከውጭ ይቆለፋል።

ወደዚያ የላካት ደላላ ቤት ሄጃለሁ። ቤቱን ለቆ ጠፍቷል ይላሉ። ቢሆንም ሄጃለሁ።

የካሳቫው ቅጠል ወጥ ድስቱ ውስጥ አለ፤ ሩዝ ብቻ ቀቅዪ።
ቁልፉ ከውኃው በርሜል ሥር ነው።

ደላላውን ይዘሽብን የመጣሽው ለደግ ነው። ማታ ለተናገርኩሽ ይቅር በይኝ።

ቀዩን ለልጅሽ ለጄቤ ትቼላታለሁ። ጽሕፈቴ ካስቸገረሽ እሷ ታንብብልሽ።
እሷና ንያንዳዬ ፓስፖርት ያወጡት አብረው ነበር።
ያንቺ ቀረች፤ የኔ ሄደች።